ምርጫም የለም፣ ድርድርም የለም፤ ታዲያ ምን አለ?



ከጄን ኤንድ ፊንች እስከ ዳንፎርዝ፣ ሐበሻ ቡና በሚጠጣበት ቦታ ሁሉ የሚሰማው ወሬ አንድ ዓይነት ሆኗል። ምርጫ ቦርድ ለ7ኛው ጠቅላላ ምርጫ ሰኔ 2018 ዓ.ም.ን ከቀጠረ ወዲህ ሁለት መፈክሮች ከሀገር ቤት ጫካ ተነሥተው፣ በቲክቶክ በኩል አልፈው፣ እዚህ እኛ ሰፈር ደርሰዋል። አንደኛው «በጦርነት መካከል ምርጫ የለም» ይላል። ሁለተኛው «ከዚህ መንግሥት ጋር ድርድር የለም» ይላል። ሁለቱንም ለየብቻ ብንመረምራቸው ምክንያት አላቸው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲታሰሩ ግን አንድ ጥያቄ ይነሣል። ለመሆኑ ምርጫም ድርድርም ከሌለ ያለው ምንድን ነው?

በቅርቡ በዚሁ በሰፈራችን በአንድ የኪራይ አዳራሽ ለትጥቅ ትግሉ የገቢ ማሰባሰቢያ ተደርጎ ነበር። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከምግቡና ከቀረርቶው በኋላ ጨረታ ተጀመረ። በጨረታው መካከል አንድ ወጣት እጁን አውጥቶ፣ በትሕትና፣ «ገንዘብ የምንሰጠው ድርጅት ስለ ድርድር ያለው አቋም ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ከኋላ በኩል «ባንዳ!» የሚል ድምፅ መጣ። የመድረኩ መሪም «ለጥያቄ ጊዜ የለንም፣ ወደ ጨረታው እንመለስ» ብሎ አለፈው። ልጁም ተቀመጠ።

የዚያ ልጅ ጥያቄ የሁላችንም ጥያቄ መሆን ነበረበት ብዬ ስለማምን የዛሬውን ዓምድ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንነሣ። ሀገራችን ውስጥ ጠብመንጃ ያነሣ ሰው ምርጫን የሚንቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ደርግ በጥር 1979 ዓ.ም. ለሕገ መንግሥቱ ሕዝበ ውሳኔ አደረገ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ደግሞ የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ አካሄደ። በኤርትራና በትግራይ ተራሮች ላይ የነበሩት ድርጅቶች ሁለቱንም አልተቀበሉም። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ምርጫውን ያልተቀበሉት አዲስ አበባ ገቡ፤ ሸንጎው ተበተነ። በመካከሉ ድርድር አልነበረም እንዳይባል ነበር። በ1982 ዓ.ም. ከሻዕቢያ ጋር በጂሚ ካርተር አደራዳሪነት አትላንታና ናይሮቢ ላይ፣ ከሕወሓት ጋር ደግሞ ሮም ላይ ንግግር ነበር። ነገር ግን በጦር ሜዳ እያሸነፈ ያለ ድርጅት ጠረጴዛ ላይ ለምን ይቆያል? በዚያው ዓመት በየካቲት ምጽዋ በሻዕቢያ እጅ ወደቀች፤ ንግግሩም ፈረሰ። በመጨረሻ ለንደን ላይ ስብሰባ ሲጠራ ሊደራደሩበት የሚችሉት ነገር አልቆ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሀገራችን ጫካ የገባ ሁሉ የሚያስታውሰው ይህንን ነው። ምርጫና ድርድር የደካማ ነገር ነው፤ ጽናት ያለው ቤተ መንግሥት ይገባል የሚል እምነት ሥር ሰደደ። ያው እምነት ግን የሚረሳው ነገር አለ። በዚያ መንገድ አሸንፎ የገባው አንድ ግንባር ሲሆን፣ በዚያው መንገድ ወጥቶ የቀረው ግን ስንት ድርጅት ነው?

ሰኔ 14 ቀንን እንውሰድ። ሰኔ 14 ቀን 1984 ዓ.ም. የክልልና የወረዳ ምርጫ የተደረገበት ቀን ነው። በሽግግሩ ምክር ቤት ከነበሩት 87 መቀመጫዎች ኢሕአዴግ 32ቱን ሲይዝ ኦነግ በ12 ሁለተኛው ነበር። ለምርጫው ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ኦነግ ራሱን አገለለ፤ መአሕድም ራሱን አግልሎ ነበር። ምክንያታቸው የፈጠራ አልነበረም። ጽሕፈት ቤት ይዘጋ፣ ዕጩ ይታሰር፣ ደጋፊ ይዋከብ ነበር፤ የውጭ ታዛቢዎችም የምርጫውን ጉድለት በሰፊው መስክረዋል። ኦነግ ግን ከምርጫው ብቻ አልወጣም፤ ከመንግሥቱም ወጣ፤ ሠራዊቱም ከሰፈረበት ካምፕ ወጣ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተመታ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ታጣቂዎቹ ተማረኩ። አመራሩ ወደ ሀገሩ በሕጋዊ መንገድ የተመለሰው በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. መባቻ ላይ፣ ከ26 ዓመት በኋላ ነው።

አሁን ደግሞ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም.ን እንይ። ቀኑም ወሩም አንድ ነው፤ መካከላቸው 29 ዓመት አለ። 6ኛው ጠቅላላ ምርጫ የተደረገበት ቀን ነው። ትግራይ በጦርነት ምክንያት አልመረጠችም። በኦሮሚያ ኦነግና ኦፌኮ አልተወዳደሩም፤ መሪዎቻችን ታስረው፣ ጽሕፈት ቤቶቻችን ተዘግተው አንወዳደርም አሉ። ብልጽግና 410 መቀመጫ አገኘ፤ አብን 5፣ ኢዜማ 4። ከ29 ዓመት በኋላም የክሱ ቃል ያው ነበር፤ የወጣውም ሰው ያው ነበር፤ የቀረውም መንግሥት ብቻውን ነበር።

ምርጫ ራሱ የጦርነት ሰበብ የሆነበትም ጊዜ አለ። በ2012 ዓ.ም. ጠቅላላ ምርጫው በኮሮና ምክንያት ሲተላለፍ ሕወሓት ጳጉሜ 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ብቻውን ክልላዊ ምርጫ አደረገ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ምርጫውን እንዳልተደረገ ቆጠረው። አንዱ ሌላውን ሕጋዊ አይደለህም ባለ በሁለት ወር ውስጥ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት፣ የሰሜን ዕዝ ተጠቃ፤ ጦርነቱ ተጀመረ። ያስከተለውን እልቂት ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ ለታጣቂዎች ምክንያት ይሰጣቸዋል ማለት ነው። እኔም ብሆን በ1997 ዓ.ም. ሀገር ቤት የአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ሪፖርተር ነበርሁ። ግንቦት 7 ቀን ከንጋቱ በፊት ተሰልፎ እስከ ሌሊት የቆመውን ሕዝብ በዓይኔ አይቻለሁ። ቅንጅት በአዲስ አበባ የነበሩትን 23 የፓርላማ መቀመጫዎች ሁሉንም አሸነፈ። ከዚያ ሰኔ 1 መጣ፤ ከዚያ ጥቅምት 1998 ዓ.ም. መጣ። መንግሥት ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች እንደሞቱ ቆጠረ። ያንን ያየ ሰው «ምርጫ ሞኝነት ነው» ቢል ማን ይፈርድበታል?

በዚህ ቁስል ላይ ነው ግንቦት 7 የተባለው ንቅናቄ በ2000 ዓ.ም. በውጭ ሀገር የተመሠረተው። ስሙን ልብ በሉልኝ። ትጥቅ ትግልን ጨምሮ በማናቸውም መንገድ እታገላለሁ ያለ ድርጅት ስሙን የወሰደው ከምርጫ ቀን ነው። ጠብመንጃ ያነሣሁት የሕዝብ ድምፅ ስለተቀማ ነው ማለቱ ነበር። ከዚህ ከተማ ገንዘብ ያዋጣለት ሰው ብዙ ነው። ታዲያ መጨረሻው ምን ሆነ? በ2010 ዓ.ም. ትጥቅ ትግሉን አቆመ፤ መሪዎቹ ሀገር ቤት ገቡ፤ በኢዜማ በኩል በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ተወዳደሩ፤ ዶክተር ብርሃኑ ነጋ በመስከረም 2014 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። ይህን የምጽፈው ለመንቀፍም ለማወደስም አይደለም። ለማለት የፈለግሁት፣ ያ ትጥቅ ትግልም መጨረሻው ንግግርና ምርጫ ሆነ ነው። ልዩነቱ በመካከሉ በኤርትራ በረሃ የቀሩት ልጆች፣ በየእስር ቤቱ የማቀቁት፣ የባከነውም አሥር ዓመት ነው።

ወደ ድርድሩ እንምጣ። ታጣቂዎች ድርድርን የሚፈሩበት ታሪክ ከምርጫው ታሪክ አይሻልም። ሰኔ 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሰላምና የዴሞክራሲ ኮንፈረንስ ሲጠራ ኢሕአፓና መኢሶን ያሉበት የተቃዋሚዎች ጥምረት አልተጋበዘም። በመጋቢት 1985 ዓ.ም. ተቃዋሚዎች ፓሪስ ላይ ተሰብስበው ሁሉን አቀፍ ንግግር ሲጠይቁ፣ ከስብሰባው የተመለሱት የደቡብ ድርጅቶች ከሽግግሩ ምክር ቤት ተባረሩ። በታኅሣሥ 1986 ዓ.ም. ጊዮን ሆቴል የሰላምና የዕርቅ ጉባኤ ሲጠራ፣ ከውጭ ለጉባኤው የገቡት አቶ አበራ የማነአብ ገና ሲደርሱ ተያዙ፤ ከአሥር ዓመት በላይ ታስረው ኖሩ። ለዕርቅ የተጠራ ሰው ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ እስር ቤት ከሄደ፣ ከዚያ ወዲህ ለዕርቅ ሲጠሩት ማን ደፍሮ ይመጣል? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ወደ ዘመናችን ስንመጣም ነገሩ አልጠራም። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. መንግሥትና ኦነግ አስመራ ላይ ተስማሙ። ስለ ትጥቁ ግን ሁለቱ ወገኖች ሁለት ነገር ተናገሩ፤ አንዱ ትጥቅ ይፈታል ሲል ሌላው እንደዚያ አልተባባልንም አለ። ዛሬ ራሱን የኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት የሚለው፣ መንግሥት ሸኔ የሚለው ጦር በጫካ የቀረው በዚያ ባልጠራ ቃል ምክንያት ጭምር ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ዛንዚባር ላይ፣ በኅዳር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ዳሬ ሰላም ላይ ተነጋገሩ። በሁለተኛው ዙር የጦሩ አዛዥ ራሱ ከጫካ ወጥቶ ተገኝቷል። ያለ ውጤት ተለያዩ። መንግሥት የማይሆን ነገር ጠየቁኝ አለ፤ እነሱ ደግሞ መንግሥት ሥልጣን ሊያጎርሰን እንጂ መሠረታዊ ለውጥ ሊያመጣ አልፈለገም አሉ። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ከጦሩ የተነጠለ አንድ ክንፍ ከኦሮሚያ ክልል ጋር ተፈራረመ፤ ዋናው ክንፍ በጫካ ቀረ።

የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲፈረም የመድፉ ድምፅ ቆመ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የእናቶች ዕንባ የቆመበት ቀን ነው። ሆኖም ከፈረሙት አንዱ የነበረው ሕወሓት በግንቦት 2017 ዓ.ም. ከሕጋዊ ፓርቲነት ተሰረዘ፤ የተፈናቀለውም ሕዝብ ጉዳይ ሳይቋጭ ዓመታት አለፉ። በሌላ በኩል ደግሞ ከፌዴራሉ ጦር ጎን ተሰልፈው የተዋጉት የአማራ ልዩ ኃይልና ፋኖ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ወንበር አልነበራቸውም። ስምምነቱ ስለ እኛ ያለ እኛ ተፈረመ አሉ። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎች ይፍረሱ ሲባል ቁጣው ገነፈለ፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሁላችንም በስልክ ስንሰማ ኖረናል። በጥር 2016 ዓ.ም. መርዓዊ ላይ ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት ኃይሎች መገደላቸውን የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አረጋግጧል። የድሮን ጥቃቱ፣ የመንገዱ መዘጋት፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕጻናት ከትምህርት ገበታ መራቅ፣ ሰው ታግቶ ገንዘብ መጠየቁ፣ ይህ ሁሉ የዕለት ወሬ ሆነ። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ የሰላም ካውንስል ተቋቋመ። የፋኖ አደረጃጀቶች በብዛት አልተቀበሉትም፤ ካውንስሉን የመንግሥት እጅ አድርገው አዩት። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ ኅብረትና ኢጋድ በተገኙበት ከአንድ ክንፍ ጋር ስምምነት ተፈረመ። ሌሎቹ እኛን አይመለከተንም አሉ። እንግዲህ ከአንድ ክንፍ ጋር መፈራረም ሌላውን ክንፍ ማስኮረፍ ከሆነ በኦሮሚያም በአማራም የምናየው ያንኑ ነው።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? በሀገራችን ሁለት ባላጋራዎች ሲታረቁ ሽማግሌው ውል ከማሰሩ በፊት ዋስ ይጠራል። ዋስ የሌለው ዕርቅ እንዳልታረቀ ይቆጠራል። ዋሱም ዝም ብሎ ስሙን የሚያስጽፍ ሰው አይደለም፤ ውሉ ቢፈርስ የሚጠየቅ ሰው ነው። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የተደረጉትን ምርጫዎችና ድርድሮች ብንዘረዝር በአብዛኛው የጎደላቸው ይህ ነው። ታዛቢ ነበረ፤ አጨብጫቢ ነበረ፤ ዋስ ግን አልነበረም።

ይህ በእኛ ብቻ የመጣ አይደለም። ሞዛምቢክንና አንጎላን አስተያዩ። ሁለቱም የፖርቱጋል ቅኝ የነበሩ፣ ሁለቱም ነጻ በወጡ ማግሥት ወደ እርስ በርስ ጦርነት የገቡ ሀገሮች ናቸው። አንጎላ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1992 ምርጫ ስታደርግ ሁለቱ ጦሮች በትክክል አልፈረሱም ነበር፤ የተባበሩት መንግሥታትም ጥቂት ታዛቢ ብቻ ነበር የላከው። ሳቪምቢ 40 ከመቶ ድምፅ አግኝቶ ሲሸነፍ ተጭበረበርሁ ብሎ ወደ ጫካ ተመለሰ። ለ10 ዓመት ያህል ተዋጋ። ጦርነቱ የቆመው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2002 እሱ ሲገደል ነው። በዚያ 10 ዓመት ውስጥ ያለቀው ሕዝብ በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። ሞዛምቢክ ግን በዚያው በ1992 ጥቅምት ወር ሮም ላይ ተፈራርማ ለምርጫ አልቸኮለችም። ሁለት ዓመት ጠበቀች። በሺዎች የሚቆጠር የተባበሩት መንግሥታት ጦር ገባ፤ ታጣቂው ተቆጥሮ ትጥቁን ፈታ፤ ሬናሞ ፓርቲ እንዲሆን ገንዘብ ጭምር ተሰጠው። በ1994 ምርጫ ተሸነፈ፤ ነገር ግን ከ250 መቀመጫዎች 112 ይዞ ምክር ቤት ገባ። በኋላ ችግር አልተፈጠረም አልልም፤ ወደዚያ ወደ ዱሮው እልቂት ግን አልተመለሱም። ልዩነቱን የፈጠረው የመሪዎቹ ደግነት አልነበረም። ዋስ መኖሩና ጊዜ መወሰዱ ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። በምኖርበት ሕንፃ ልብስ ማጠቢያ ክፍል የተዋወቅሁት አንድ የኤል ሳልቫዶር ሰው አለ። እንደኛው ስደተኛ ሆኖ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ሀገሩ ውስጥ ምርጫ ሲደረግ ድምፅ የሰጠ ሰው መታወቂያው ላይ ማኅተም ይመታበት ነበር። ማኅተም የሌለውን ወታደሩ በየኬላው «ከሽምቅ ተዋጊ ወገን ነህ» ይለዋል። ማኅተም ያለውን ደግሞ ሽምቅ ተዋጊው ሌሊት መጥቶ «ለጠላት ድምፅ ሰጥተሃል» ይለዋል። «አባቴ መታወቂያውን አንድ ቀን ይደብቃል፣ አንድ ቀን ያወጣል፤ በዚህ ነው ዕድሜው ያለቀው» አለኝ። ያን ምርጫ የተቃወሙት ሽምቅ ተዋጊዎች በቂ ምክንያት ነበራቸው፤ መሪዎቻቸው ከተማ ላይ ታፍነው ሲገደሉ ኖረዋል። ግን ምርጫ የለም ብለው ብቻ አልቀሩም። ሠራዊቱ ይስተካከል፣ አዲስ ፖሊስ ይቋቋም፣ መሬት ይታይ ብለው ጥያቄያቸውን በወረቀት አስቀመጡ። ወደ 75,000 ሰው ካለቀ በኋላ እ.ኤ.አ. በጥር 1992 ሜክሲኮ ላይ ተፈራረሙ። በ2009 በምርጫ አሸንፈው ፕሬዚዳንትነቱን ያዙ።

በተቃራኒው መንገድ የሄዱም አሉ። በፔሩ «የሚያበራው ጎዳና» የተባለው ቡድን ጦርነቱን የጀመረው እ.ኤ.አ. ግንቦት 17 ቀን 1980 ቹስቺ በምትባል ትንሽ ከተማ የምርጫ ኮሮጆ በማቃጠል ነው። ሀገሪቱ ከ12 ዓመት የወታደር አገዛዝ በኋላ ድምፅ የምትሰጥበት ዋዜማ ነበር። የእውነት አፈላላጊው ኮሚሽን በኋላ የሞተውንና የጠፋውን ወደ 69,000 ገምቶታል፤ ከዚያ ውስጥ የሚበዛው በሕዝቡ ስም ተዋጋሁለት የተባለው የተራራው ገበሬ ነው። በአፍጋኒስታንም እ.ኤ.አ. በ2014 ሄራት ውስጥ ታሊባን ድምፅ ሰጥተው የተመለሱ 11 ሽማግሌዎችን ቀለም የነካ ጣታቸውን ቆረጠ። ምርጫውን መቃወም አንድ ነገር ነው። የመራጩን ጣት መቁረጥ ሌላ ነገር ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ድንበር አስቀድሞ ያላሰመረ ታጣቂ፣ ከተዋጊዎቹ አንዱ ሲያልፈው የሚመልስበት ቃል አይኖረውም።

አሁን ወደ ሀገራችን ልመልሳችሁ። አንድ የማውቀው ሰው አለ፤ ስሙን አልጠራም። የሚኖረው እዚሁ ጄን ኤንድ ፊንች ነው፤ ማታ ማታ ታክሲ ይነዳል፤ በየገቢ ማሰባሰቢያው ከፊት የሚቀመጥ፣ እጁም የማይሰስት ሰው ነው። ታናሽ ወንድሙ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ አስተማሪ ነው። በሀገራችን ምርጫ በመጣ ቁጥር ኮሮጆ የሚጠብቀውና ድምፅ የሚቆጥረው በብዛት አስተማሪ መሆኑን ታውቃላችሁ። ወንድምየው ደውሎ፣ «ጋሼ፣ አስፈጻሚ ሁን ቢሉኝ ምን ልበል?» አለው። «እምቢ ካልሁ የፋኖ ነው ብለው ያስሩኛል። እሺ ካልሁ ደግሞ ማታ የሚመጡትን ታውቃቸዋለህ።» ሰውየው ይህን ሲነግረኝ መኪናው ውስጥ ነበርን። ምን መለስህለት ብለው፣ «ኔትዎርኩ ተቆረጠ አልኩት» አለኝ። ኔትዎርኩ አልተቆረጠም ነበር።

እንግዲህ «ምርጫም የለም፣ ድርድርም የለም» የሚለው መፈክር ለዚህ አስተማሪ መልስ ካልሰጠው ለማን ነው የሚጮኸው?

አንባቢ ሆይ፣ በመንግሥት በኩል ያለውን ጥፋት አሳንሼ እንዳልታይ። በድሮን ሥር ኮሮጆ ማስቀመጥ ምርጫ አይባልም። የአስፈጻሚው ጠባቂ ወታደር፣ የታዛቢው አሳዳሪ ካድሬ፣ የጋዜጠኛው ማደሪያ ወህኒ ከሆነ የሚቆጠረው ድምፅ ሳይሆን ሰው ነው። ጦርነት ባለበት ወረዳ ምርጫ ይተላለፍ ብሎ መጠየቅ አመጽ አይደለም፤ ሞዛምቢኮች ሁለት ዓመት የጠበቁት ለዚህ ነው። ድርድር ሲባልም ትጥቅህን አውርደህ ና ብቻ ከሆነ፣ ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይሆናል፤ የተጠራው ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። አንዱን ክንፍ እየነጠሉ ማስፈረምም ለአንድ ምሽት ዜና ይሆናል እንጂ መንገድ አይከፍትም።

ይሁን እንጂ የመንግሥት ጥፋት ለታጣቂው ባዶ ቼክ አይደለም። ምርጫውን አልቀበልም ያለ ድርጅት ሕዝቡ የሚፈልገውን በምን እንደሚያውቅ ይንገረን። ድርድሩን አልቀበልም ያለ ድርጅት ምን ቢሟላ እንደሚቀበል ይንገረን። «ስናሸንፍ ታያላችሁ» መልስ አይሆንም። አሸንፎ የገባውንማ አይተነዋል፤ ግንቦት 20ን የምናውቀው እኛ ነን። አሸንፎ የገባ ሰው ምርጫ ሲያደርግ ምን እንደሚመስል ሰኔ 14 ቀን 1984 ዓ.ም. ነግሮናል።

ስለዚህ ያ ወጣት በአዳራሹ የጠየቀውን ጥያቄ ሦስት ቦታ ከፍዬ አቀርበዋለሁ። ገንዘብ ለመስጠት ኪሳችን ከመግባታችን በፊት ለሚያሰባስበው ኮሚቴ ብንጠይቀው መብታችን ነው።

አንደኛ፣ ድርጅቱ ድምፅ ለመስጠት የወጣን ገበሬ፣ ኮሮጆ የጠበቀን አስተማሪ፣ ትምህርት ቤት የከፈተን ርእሰ መምህር እንደማይነካ በጽሑፍ ለሕዝብ አሳውቋል? ካላሳወቀ ለምን?

ሁለተኛ፣ ለድርድር የሚያስቀምጣቸው ቅድመ ሁኔታዎች ምንድን ናቸው? እነማን አደራዳሪ፣ እነማን ዋስ እንዲሆኑለት ይፈልጋል? አስመራ፣ ዛንዚባርና ፕሪቶሪያ ላይ የጎደለው ምን ነበር ብሎ ያምናል? ይህን ያልጻፈ ድርጅት ድርድርን የተቃወመ ሳይሆን ያላሰበበት ነው።

ሦስተኛ፣ በአንድ ክልል ውስጥ ያሉት ክንፎች እርስ በርሳቸው ተነጋግረው አንድ ተደራዳሪ ማቆም የማይችሉት ለምንድን ነው? ወንድሙን መስማት ያቃተው ጠላቱን እንዴት ሊሰማ ነው?

እነዚህን ሦስቱን የሚመልስ ኮሚቴ ቢመጣ፣ ምርጫውንም ቢቃወም ድርድሩንም ለጊዜው ቢያዘገይ፣ ቢያንስ ወዴት እንደሚሄድ እናውቃለን። የማይመልስ ኮሚቴ ቢመጣ ግን ጥያቄ የጠየቀውን «ባንዳ» ብሎ ማስቀመጥ የለበትም። ባንዳ የሚለው ቃል በሀገራችን ከባድ ቃል ነው። ለጣሊያን ያደረን ሰው የምንጠራበት ስም ነው። የገንዘቡን መድረሻ፣ የልጆቻችንን መመለሻ የጠየቀን ወጣት ልንጠራበት አይገባም።

አንዳንዶች «አንተ ቶሮንቶ ተቀምጠህ ስለ ድርድር ማውራት ቀላል ነው» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ቀላል ነው። ቶሮንቶ ተቀምጦ ስለ ጦርነት ማውራትም እንደዚያው ቀላል ነው። እኛ ሁላችንም በአንድ የመንገድ ባቡር የምንሳፈር፣ ልጆቻችንን በአንድ ትምህርት ቤት የምናስገባ፣ ምርጫ ሲመጣ እዚህ ካናዳ ውስጥ በሰላም ተሰልፈን ድምፅ የምንሰጥ ሰዎች ነን። እዚህ ያለ ፍርሃት የምናደርገውን ነገር ለዚያ ለጎጃሙ አስተማሪ ክልክል ነው ብለን ከመፍረዳችን በፊት፣ ቢያንስ እሱን ብንጠይቀው ጥሩ ነው። ስልኩ ይሠራል።

በዚህ ጉዳይ የምትሉት ካለ፣ የምትቃወሙኝም ብትሆኑ፣ ጻፉልኝ። ደብዳቤው ከስድብ የጸዳ ከሆነ በዚሁ ዓምድ ሳይቆረጥ ይወጣል። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።